ታንኩ ሞልቶ ሦስት አራተኛ፣ 12 ሊትር እያለ ባዶ፦ የክላሲክ መልክ መኪና የነዳጅ ጌጅ

ጥያቄ፦ «መኪናዬ የድሮ መልክ ያላት አዲስ ሥራ ናት። ቦዲዋ ፋይበር ግላስ፣ ሻንሲዋ ብረት ነው። ታንኩ በእጅ የተሠራ አሉሚኒየም ነው፤ ሳጥን ቅርጽ ሆኖ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፣ 45 ሊትር ይይዛል። ጌጁም፣ ታንኩ ውስጥ ሆኖ የነዳጁን ከፍታ ለጌጁ የሚነግረው ሴንደሩም 240–33 ኦም የሚል ተጽፎባቸዋል። ጢም አድርጌ ስሞላ ቀስቱ ሦስት አራተኛ ላይ ይቆማል። ባዶ ላይ ደርሶ ስቀዳ ደግሞ የሚገባው 33 ሊትር ብቻ ነው። መብራት ሳበራ ቀስቱ ትንሽ ወረድ ይላል፤ የፍሬቻው መብራት በበራ ቁጥር ደግሞ አብሮ ይነቀንቃል። ጌጁን በአዲስ ቀይሬ አየሁት፣ ያው ነው። ቀጥሎ ምን ልቀይር?»

ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። የሰጡን ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ፤ ከእነሱ የሚነበበው ሁለት የተለያየ ብልሽት ተደራርቦ መምጣቱን ነው። አንደኛው ታንኩ ውስጥ ነው፦ ሴንደሩ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ከኋላ ያለው ማሳ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ። ጌጁ በሁለቱም የለበትም፤ መቀየሩ ያልጠቀመውም ለዚህ ነው።

ጌጅ ነዳጅ አያይም፣ የሚያየው ኦም (የኤሌክትሪክ መገደብ መጠን) ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ክንዱን ይዞ ሲወጣና ሲወርድ፣ የክንዱ ሌላኛው ጫፍ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ላይ ይንሸራተታል። በእርስዎ ዓይነት ሴንደር ክንዱ ታች ሲሆን 240 ኦም፣ መሐል ላይ 100 ኦም ገደማ፣ ጫፍ ሲደርስ 33 ኦም ይሆናል። ኦሙ በጨመረ ቁጥር ጌጁ «ጎደለ» ይላል። ስለዚህ በዛገ ተርሚናልም ይሁን በላላ ማሳ በመንገዱ ላይ የገባ ትርፍ ኦም ሁሉ ቀስቱን ወደ ባዶ ይገፋዋል።

ታዲያ ለምን ሽቦውን አንደኛ ተጠርጣሪ አላደረግነውም? እናስላው። ቀስቱ ሦስት አራተኛ ላይ ሲቆም ጌጁ የሚያየው ከ60 እስከ 70 ኦም ባለው ውስጥ ነው። 33 መሆን ሲገባው 30 ኦም ያህል ተጨምሯል ማለት ነው። ይህ ትርፍ የመጣው ከሽቦው ቢሆን ኖሮ ታንኩ ሲጎድልም ያው 30 ኦም ይጨመር ነበር፤ ሴንደሩ 210 ላይ ሲደርስ ጌጁ 240 አይቶ ባዶ ይል ነበር። በ210 ኦም ላይ ግን ታንኩ ውስጥ መቅረት ያለበት 4 ሊትር ገደማ ነው። እርስዎ ዘንድ የቀረው 12 ነው። ስምንቱን ሊትር ሽቦ ሊያስረዳው አይችልም።

አሁን ወደ ሴንቲ ሜትር እንለውጠው። 45 ሊትር በ25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ማለት አንዱ ሴንቲ ሜትር 1.8 ሊትር ይይዛል ማለት ነው። 12 ሊትር ከታንኩ ወለል 6.7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ተንሳፋፊው እዚያ ላይ ሲደርስ ክንዱ የታችኛውን ማቆሚያ ነክቷል፤ ከዚያ በታች ነዳጁ ሲወርድ ተንሳፋፊው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ክንዱ ጉዞውን ሳይጨርስ ተንሳፋፊው ከታንኩ ጣሪያ ጋር ይጋጫል፤ ኦሙም 60 ቤት ላይ ይቆማል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሆኑት ክንዱ የሚዞርበት ምሶሶ ከመካከል ወደ ላይ ሲጠጋ ነው። ክንዱ በጠቅላላ 90 ዲግሪ የሚዞር ከሆነ፣ ከእርስዎ ቁጥሮች የሚወጣው ምሶሶው ከታንኩ ጣሪያ ከ75 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ብቻ ወርዶ እንደተሰቀለ ነው። 125 ላይ መሆን ነበረበት። የክንዱ ርዝመት በስሌቱ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እሱ ደህና ነው። ስለዚህ ክንዱን ከመቁረጥ ይቆጠቡ! ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያበላሸው እሱን ነው።

ተንሳፋፊው ነዳጅ ጠጥቶ ቢሆንስ? የጠጣ ተንሳፋፊም በሁሉም ደረጃ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ግን ከፊል የጠለቀ ተንሳፋፊ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያዛንፋል እንጂ 7 አያደርስም፤ ጨርሶ የሰጠመ ደግሞ ሁልጊዜ ባዶ ላይ ነው የሚተኛው።

ይህንን ታንክ ሳይከፍቱ ማረጋገጥ ይቻላል። ቀስቱ ባዶ ላይ ደርሶ ገና 10 ሊትር ያህል እንዳለ በሚያውቁበት ሰዓት መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ቁልፉን ይክፈቱ፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያወዛውዛት። ነዳጁ ታንኩ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ተንሳፋፊው ነዳጁ ላይ ከሆነ ቀስቱ ቢያንስ ይርገበገባል። ፍንክች ካላለ ተንሳፋፊው ነዳጁን አልነካውም።

እንዲያም ሆኖ ታንክ ከመክፈት በፊት ሦስት ቦታ መለካት ግድ ነው። ዲጂታል መልቲሜትርና 33፣ 100 እና 240 ኦም የሆኑ ሦስት ሬዚስተሮች ይበቃሉ። እያንዳንዳቸው የ1 ዋት ይሁኑ፤ ሦስቱም በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ በመደበኛነት የሚገኙ መጠኖች ናቸው።

መጀመሪያ ጌጁ። ቁልፉ ተዘግቶ ከሴንደር የሚመጣውን ሽቦ ከጌጁ ጀርባ ይንቀሉ። በእሱ ቦታ የ33 ኦሙን ሬዚስተር አንዱን እግር ከጌጁ ተርሚናል፣ ሌላውን ከጌጁ ማሳ ጋር ያገናኙና ቁልፉን ይክፈቱ። ቀስቱ ሙሉ ላይ መሄድ አለበት። በ100 ግማሽ፣ በ240 ባዶ። የቀስቱን ውፍረት ያህል ቢዛነፍ ጤነኛ ነው። ሦስቱንም ካለፈ ስለ ጌጅ ማውራት እዚህ ላይ ያበቃል። ምንም ሳያገናኙ ከተዉት ቀስቱ ከባዶ በታች ይተኛል፤ በቀጥታ ማሳ ካስነኩት ከሙሉ ያልፋል፤ ይህኛውን ግን ከሁለት ሰከንድ በላይ አያቆዩት። የባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ሴንደሩ ሽቦ በፍጹም አይስጡ። ሴንደሩ ውስጥ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ሊቃጠል ይችላል፤ የሚቃጠለው ደግሞ የት ውስጥ እንደሆነ ያውቁታል።

ቀጥሎ ሽቦው። ታንኩን ይሙሉ። የሴንደሩ ሽቦ ከጌጁ እንደተነቀለ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው በዚያ ሽቦ ጫፍና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ይለኩ። ቁጥሩን ይጻፉት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ሽቦውን ከሴንደሩም ነቅለው በሴንደሩ መካከለኛ ተርሚናልና በክዳኑ ብረት መካከል ይለኩ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክተው የሚያሳየውን 0.2 ወይም 0.5 ኦም ከሁለቱም ይቀንሱ። ሁለቱ ቁጥሮች ከሞላ ጎደል እኩል ሆነው 65 አካባቢ ከሆኑ ያልነው ልክ ነው፤ ጥፋቱ ታንክ ውስጥ ነው። ሴንደሩ ላይ 33፣ ጌጁ ጋ 65 ከሆነ ግን ስሌታችን ከሽፏል፣ ጥፋቱ በመካከል ያለ ነው። ያን ጊዜ የሚታየው እያንዳንዱ ተርሚናል ነው። አንድ በጣም የተለመደ ነገር፦ ተርሚናሉ በፒንሳ ሲጨመቅ የያዘው መዳቡን ሳይሆን የሽቦውን ላስቲክ ነው። ሲጎትቱት ጠንካራ ይመስላል፣ ኤሌክትሪክ ግን የሚያልፈው በሁለትና በሦስት ክር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማሳው ነው፤ ይህ በኦም አይለካም። የመብራቱን ምልክት ወደኋላ ዞር ብለን እንየው። ቦዲው ፋይበር ግላስ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የኋላ መብራቶቹ፣ ፍሬቻውና ሴንደሩ ወደ ባትሪ የሚመለሱት በተዘረጋላቸው ሽቦ ብቻ ነው፤ እንደ ልማዱ ደግሞ ሦስቱም አንድ ብሎን ላይ ታስረው ይገኛሉ። ያ ብሎን ቀለም ላይ ተጠብቆ ከሆነ ትንሽ ኦም ይፈጠርበታል፣ 0.3 ኦም እንበል። ሁለት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖሎች 3.5 አምፒር ይወስዳሉ፤ በ0.3 ኦም ሲያልፉ 1 ቮልት ገደማ እዚያ ላይ ይቀራል። የሴንደሩ ማሳ ከዜሮ ተነሥቶ 1 ቮልት ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው፣ ጌጁም ይህን እንደ ተጨማሪ ኦም ቆጥሮ ቀስቱን ያወርደዋል። ፍሬቻው ሲበራና ሲጠፋ ቀስቱ አብሮ የሚነቀንቀው በዚህ ምክንያት ነው። በእርስዎ ዓይነት ጌጅ ቀስቱ መብራት ሲበራ ወደ ላይ ቢወጣ ኖሮ የምንጠረጥረው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የጌጁን የራሱን ማሳ ነበር። የሚወርድ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከኋላ ነው።

መልቲሜትሩ ኦም ላይ ሆኖ 0.3 ኦምን ከራሱ ገመድ ኦም መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉትና ጥቁሩን ጫፍ ረዘም ባለ ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ፖሎ ጋር ያገናኙ። ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱ፣ ቁልፉን ይክፈቱ፣ መብራት ያብሩ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎ። ቀዩን ጫፍ የሴንደሩ ክዳን ላይ ያሳርፉ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ጥሩ ነው። ከ0.3 በላይ ካሳየ ቀዩን ጫፍ ወደ ሻንሲው አቅጣጫ ደረጃ በደረጃ ያንቀሳቅሱት፦ ከክዳኑ ወደ ሽቦው ተርሚናል፣ ከተርሚናሉ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ ሻንሲው ባዶ ብረት። ቮልቱ ድንገት የሚወድቅበት መገጣጠሚያ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከሻንሲው ብረት በኋላም ቮልቱ ካለ ከባትሪ ወደ ሻንሲ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ይታይ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሴንደሩ ክዳን ብሎኖች በአንዱ ሥር ቆርቆሮ የተቀባ የቀለበት ተርሚናል አስገብተው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ሽቦ ለብቻው ወደ ሻንሲው ይውሰዱ። ለሴንደሩ ብቻ ከሆነ 1.5 ካሬ ይበቃል፤ 2.5 የሚመረጠው ንዝረትን ስለሚችል ነው። በሻንሲው ላይ ቀለሙን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈቅፍቁ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያድርጉ፣ ያጥብቁና በላዩ ግሪስ ይቀቡት። የኋላ መብራቶቹ የራሳቸው ሌላ ብሎን ይኑራቸው። ሴንደሩና መብራቱ አንድ ማሳ ነጥብ አይጋሩ። ባዶ መዳብ አሉሚኒየሙ ላይ በቀጥታ አያስሩ፤ እርጥበት ሲያገኛቸው ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ነጭ ዱቄት ይሞላዋል። ታንኩ በላስቲክ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ «ታንኩ ራሱ ሻንሲውን ነክቷል» ተብሎ የሚተው ነገር የለም።

አሁን ታንኩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ መኪና መጠገኛ ጉድጓድ ላይ፣ ዝግ ጋራዥ ውስጥ፣ ወይም በአቅራቢያው ምድጃ ባለበት አይክፈቱ። ነዳጁን ከግማሽ በታች ያውርዱ፤ የሚቀበለው ዕቃ ብረት ይሁን፣ በሽቦም ከሻንሲው ጋር ይያያዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። የዱቄት ወይም የአረፋ እሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ። ኦም መለካት ለታንኩ አደጋ የለውም፤ የመልቲሜትሩ ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአምፖል ቴስተርና ሽቦ ማነካካት ግን ታንኩ ክፍት እያለ አይታሰቡም። ናይለን ልብስ ሳይሆን ጥጥ ይልበሱ። ሴንደሩ እንደወጣ ቀዳዳውን በጥጥ ጨርቅ ይዝጉት፤ ትነቱን ከመቀነሱም ሌላ ብሎን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል።

አምስቱን ብሎኖች ሲፈቱ አቀማመጣቸውን በማርከር ምልክት ያድርጉ። በመደበኛው አሠራር ባለ አምስት ቀዳዳ ክዳን ቀዳዳዎቹ እኩል አልተራራቁም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ተብሎ ነው። በእጅ የተሠራ ታንክ ላይ ግን ብየዳ ሠሪው እኩል አራርቆ በስቶት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ክዳኑ አንድ ቀዳዳ ዞሮ ቢገባም ይገጥማል፣ ክንዱ ግን ታንኩ ውስጥ ካለው የመከፋፈያ ቆርቆሮ ጋር ይጋጫል። ሴንደሩን ሲያወጡ ክንዱ ላይ የተፋቀ መስመር ካዩ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሴንደሩ ከወጣ በኋላ ከታንኩ ርቀው ትልቅ ካርቶን መሬት ላይ ያንጥፉ። በ250 ሚሊ ሜትር ርቀት ሁለት ትይዩ መስመሮች ያስምሩ፤ የላይኛው የታንኩ ጣሪያ፣ የታችኛው ወለሉ ነው። ክዳኑን ልክ የላይኛው መስመር ላይ አድርገው ሴንደሩን ያስተኙት። የጓርኒሲዮኑን (በክዳኑና በታንኩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ውፍረት አይርሱ፣ 3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። አሁን ክንዱን ከማቆሚያ እስከ ማቆሚያ ያንቀሳቅሱትና የተንሳፋፊውን መካከል በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። 240 የሚለው ከወለሉ መስመር 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ 33 የሚለው ደግሞ ከጣሪያው መስመር በላይ ወጥቶ ሲታይ ነገሩ ያለ ምንም ክርክር ግልጽ ይሆናል።

የሚፈለገው ይህ ነው፦ የተንሳፋፊው መካከል ከወለሉ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከጣሪያውም 20 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከ250 ላይ 40 ሲቀነስ ጉዞው 210 ሚሊ ሜትር ነው። ምሶሶው መሐል ላይ፣ ማለትም ከጣሪያው 125 ሚሊ ሜትር ይውረድ። የክንዱ ርዝመት ከምሶሶው እስከ ተንሳፋፊው መካከል የሚወሰነው በሚዞረው ዲግሪ ነው። ለ90 ዲግሪ ጉዞውን በ1.41 ያካፍሉ፤ 149 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለ80 ዲግሪ በ1.29፣ 163 ይሆናል። 60 ዲግሪ ብቻ የሚዞር ከሆነ ክንዱ ከጉዞው ጋር እኩል 210 መሆን አለበት። የእርስዎን ሴንደር ዲግሪ በካርቶኑ ላይ በፕሮትራክተር ይለኩት እንጂ በግምት አይውሰዱት።

ለሁሉም ታንክ ተብሎ የሚሸጠው ሴንደር መስቀያው ብረት ላይ ረጅም ስንጥቅ ወይም ተከታታይ ቀዳዳ አለው። ሁለቱን ትናንሽ ብሎኖች አላልተው የሬዚስታንሱን ቤት (የተጠመጠመው ሽቦና ምሶሶው ያሉበትን) 4.5 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያውርዱና መልሰው ያጥብቁ፤ ብሎኖቹ ስፕሪንግ ሮንዴላ ይኑራቸው። ስንጥቁ ካልበቃ ረዘም ያለ መስቀያ ይፈለጋል፤ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ቆርቆሮ ራስዎ ሊሠሩትም ይችላሉ። ከቤቱ ወደ ክዳኑ የሚሄደው ትንሿ ሽቦ በአዲሱ ርቀት ሳትወጠር መድረሷን ይዩ። ክንዱን ለማሳጠር ከተገደዱ መጀመሪያ አጥፈው ይሞክሩት፣ የሚቆረጠው ካርቶኑ ላይ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ሴንደሩ በእጅዎ እያለ ክንዱን በጣም ቀስ እያደረጉ ከታች ወደ ላይ ይውሰዱ፣ መልቲሜትሩን ይመልከቱ። ቁጥሩ በትናንሽ ደረጃ መውረድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ወደማይለካ ቁጥር ከዘለለ ሽቦው ተበልቷል ወይም የምትንሸራተተዋ ጫፍ ተነሥታለች። በኮንታክት ክሊነር ማጠብና ጫፏን በጥንቃቄ ጫን ማድረግ አንዳንዴ ያድነዋል፤ የተበላ ሽቦ ግን አይድንም። በቀዳዳ የሚጠጣ የናስ ተንሳፋፊ ካለ ጆሮ አጠገብ ነቅነቅ አድርገው ያዳምጡት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ከቀዳዳው አረፋ ይወጣል። ይሁን እንጂ ነዳጅ የጠጣን ተንሳፋፊ በስታኞ ለመድፈን እሳት ማቅረብ ለዚያች ትንሽ ዕቃ የማይገባ ድፍረት ነው፤ በአዲስ ይለውጡት።

ሲመልሱ አዲስ ጓርኒሲዮን ነዳጅ ከሚችል ላስቲክ ይጠቀሙ። መስኮት የሚለጠፍበት ዓይነት ሲሊኮን ቤንዚን ያልመዋል፣ ቁራሹም ወደ ፊልትሮ ይሄዳል። ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። በየብሎኑ ሥር የፋይበር ወይም የመዳብ ሮንዴላ ካላደረጉ ነዳጁ በጓርኒሲዮኑ ሳይሆን በብሎኑ ጥርስ በኩል ይወጣል።

«ሬዚስተር ጨምርበትና ይስተካከላል» የሚል ምክር በእርግጠኝነት ይደርስዎታል። ቁጥሩን ይዩት፦ 65 የሆነውን ወደ 33 ለማውረድ ከሴንደሩ ጎን ለጎን 67 ኦም መታሰር አለበት። ታንኩ ሲሞላ ጌጁ ሙሉ ይላል፣ ደስ ይላል። ታንኩ ባዶ ሲሆን ግን 240 ከ67 ጋር ጎን ለጎን ሆኖ 52 ኦም ይሰጣል፤ ነዳጅ አልቆ መኪናዋ መንገድ ላይ ስትቆም ቀስቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ይሆናል። ሬዚስተር አንዱን ጫፍ ሲያቃና ሌላውን ያጣምማል።

እርስዎን ባይመለከትም ተመሳሳይ ችግር ይዞ ለሚመጣ አንድ ነገር እንጨምር። በድሮ መልክ መኪኖች ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት ከአንድ መኪና የመጣ ጌጅ ከሌላ መኪና ሴንደር ጋር መጋባቱ ነው። የጂ.ኤም መኪኖች ከ1965 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ባዶ ላይ 0፣ ሙሉ ላይ 90 ኦም ይጠቀሙ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሙሉው 30 ነበር። የድሮዎቹ ፎርድና ክራይስለር ባዶ ላይ 73፣ ሙሉ ላይ 10 ናቸው። የቪ.ዲ.ኦ ጌጆች በብዛት ከ10 ወደ 180 ይወጣሉ። ጌጁ 73–10 ሆኖ ሴንደሩ 240–33 ከሆነ ታንኩ ጢም ብሎ ቀስቱ ከግማሽ በታች ይቆማል፣ ገና ብዙ ነዳጅ እያለም ባዶ ይላል። አቅጣጫቸው የተገላቢጦሽ ከሆነ ነዳጁ ባለቀ ቁጥር ቀስቱ ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ አንዱን መቀየር ወይም በመካከል የሚገባ ፕሮግራም የሚደረግ መቀየሪያ ነው።

እውነተኛ የድሮ ጌጅ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት ቀስቱ ወዲያው አይዘልም፤ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ወስዶ እየተንፏቀቀ ይወጣል። በሙቀት የሚሠራ ነው። ይህ ዓይነት ከጀርባው የቮልቴጅ ማረጋጊያ አለው፤ በእንግሊዝ ሥራ ስሚዝስ ጌጆች 10 ቮልት፣ በድሮ ፎርድና ክራይስለር 5 ቮልት ያህል ይሰጣል። የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ አብረው ከፍ ብለው ካሳዩ ማረጋጊያው ቤቱ ማሳ አጥቶ ሙሉውን የባትሪ ቮልት እያሳለፈ ነው። የድሮው ማረጋጊያ እየቆረጠ እየቀጠለ ስለሚሠራ ዲጂታል መልቲሜትር ላይ ቁጥሩ ይዘልላል፣ ይህ ብልሽት አይደለም። 7810 ወይም 7805 በሚባለው ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር ይተካል፣ ኔጌቲቭ ማሳ ላላቸው መኪኖች ብቻ። የእርስዎን ጌጅ ግን ማረጋጊያ ላይ አያስሩት፤ እሱ በቀጥታ 12 ቮልት ነው የሚፈልገው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ባዶ ከሆነው ታንክ ጀምረው በተለካ ዕቃ 5 ሊትር በ5 ሊትር ይጨምሩ፤ በየጊዜው አንድ ደቂቃ ጠብቀው ኦሙንና የቀስቱን ቦታ ይጻፉ። ዘጠኝ መስመር ይወጣዎታል። ታንኩ ሳጥን ስለሆነ ግማሹ ከግማሽ ብዙም አይርቅም፤ ሾጣጣ ታንክ ቢሆን ግን መሐሉ ላይ መዛነፉን ከመቀበል ሌላ አማራጭ የለም። ጢም ብሎ ሲሞላ ክዳኑን ዙሪያውን በደረቅ ወረቀት ይጥረጉ፤ ሴንደሩ ከላይ ስለሆነ ማፍሰሱ የሚታወቀው ታንኩ ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ጣሪያው ሥር ያለውን 20 ሚሊ ሜትር ተንሳፋፊው ስለማያየው የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሊትር እስኪነዱ ቀስቱ ከሙሉ አይነቃነቅም፤ ባዶ ሲልም እንዲሁ 3 ወይም 4 ሊትር ከሥር ይቀራል።